የማኅበረሰብ የአእምሮ ሐኪም ምን ይሠራል? የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎችስ ለምን ወደ እርሱ ይመጣሉ?

በአገራችን ስለ አእምሮ ጤና ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ይቀላቀላሉ። ደኅና ሲማር ቆይቶ በ22 ዓመቱ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት የጀመረና ከሰው የራቀ ወጣት፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለመራመድም ለመናገርም ከእኩዮቹ ዘግይቶ ያደገ ልጅ፣ ሁለቱም «አእምሮው የታመመ» ይባላሉ፤ ሁለቱም በአንድ መንገድ ይወሰዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ሁለቱም እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባሉ። የማኅበረሰብ የአእምሮ ሐኪም የዕለት ሥራ በአብዛኛው ከዚህ መቀላቀል ጋር የተያያዘ ነው። ማን ታሟል፣ ማን ድጋፍ እንጂ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ማንስ ሁለቱም አለበት የሚለውን ይለያል፤ ከለየ በኋላ ደግሞ ሕክምናውን እርሱ ብቻውን ከመስጠት ይልቅ በወረዳው ያሉ ሌሎች ባለሙያዎች እንዲሰጡት ያደርጋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ በኢትዮጵያ፣ በተለይም ለረጅም ዓመታት ጥናት ሲካሄድበት በቆየው የቡታጅራ አካባቢ በኩል ለማስረዳት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

## የአእምሮ ሕመምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የአእምሮ ሕመም የሰውን ስሜት፣ አስተሳሰብ ወይም ጠባይ ከቀድሞው የሚለውጥ የጤና ችግር ነው። መነሻ ጊዜ አለው፤ ይብሳል፣ ይሻላል፣ በሕክምና ሊድን ወይም ልጓም ሊበጅለት ይችላል። ድባቴ፣ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚንርበት አንዴ የሚወድቅበት ባይፖላር፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማውና ከእውነታ የሚያርቀው ስኪዞፍሬኒያ ከዚህ ወገን ናቸው።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት የሚባለው ግን ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው። አንደኛ፣ ሰውየው አዲስ ነገር ለመማር፣ ለማገናዘብና ችግር ለመፍታት ያለው አቅም ከእኩዮቹ በጣም ያነሰ ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ይህ ዝቅታ በዕለት ኑሮው፣ ማለትም ራሱን በመጠበቅ፣ በመግባባትና በመገበያየት ላይ ሲታይ፤ ሦስተኛ፣ ነገሩ በልጅነት የዕድገት ዘመን የጀመረ ሲሆን። ስለዚህ በ40 ዓመቱ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው የማስታወስ ችሎታው ቢደክምም በዚህ ስም አይጠራም። ውስንነቱ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድና እጅግ ከባድ ተብሎ በአራት ደረጃ የሚከፈል ሲሆን፣ አብዛኞቹ በቀላሉ ደረጃ ያሉ ሰዎች ናቸው። ተገቢውን ትምህርትና ጊዜ ካገኙ ማንበብ፣ ሥራ መሥራትና ቤተሰብ መመሥረት የሚችሉ ብዙ ናቸው።

በወንዝ ብንመስለው፣ የአእምሮ ሕመም ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ወንዝ መንገድ ላይ ሲደፈርስ ነው፤ የዕድገት ውስንነት ደግሞ ከምንጩ ጀምሮ በቀጭኑ የሚፈስ ወንዝ ነው። ቀጭን መሆኑ ድፍርስ አያደርገውም። ነገር ግን ቀጭኑም ወንዝ ሊደፈርስ ይችላል፤ ለሐኪሙ ፈተና የሚሆነውም ይኸው ነው። ውስንነት ያለበት ሰው እንደማንኛውም ሰው ድባቴም፣ ጭንቀትም፣ ስኪዞፍሬኒያም ሊይዘው ይችላል፤ እንዲያውም ከሌላው ሕዝብ በበለጠ መጠን ለእነዚህ የተጋለጠ ነው። የሚጥል በሽታም ብዙ ጊዜ አብሮት ይገኛል።

ኦቲዝም ከሁለቱም የተለየ ሌላ የዕድገት ሁኔታ ነው። በዋናነት የሚነካው ከሰው ጋር መግባባትን ሲሆን፣ ከአእምሮ ዕድገት ውስንነት ጋር አብሮ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። በአዲስ አበባ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ በመውጣት፣ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከቤት እንዲያወጡ ምክንያት ሆነዋል።

## ውስንነቱ ከምን ይመጣል?

«ከምን መጣብን?» የሚለው ጥያቄ ወላጆች ለሐኪም ከሚያቀርቧቸው ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ እናቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል። መልሱ አንድ አይደለም። በዘር ውርስ ቅንጣት ለውጥ የሚመጣ አለ፤ ዳውን ሲንድሮም ለምሳሌ ከ21ኛው ክሮሞዞም አንድ ተጨማሪ ቅጂ በመኖሩ የሚፈጠር መሆኑ ከ1959 ጀምሮ ይታወቃል። በወሊድ ጊዜ የሕፃኑ መታፈን፣ ከወሊድ በኋላ የሕፃኑን ቆዳና ዓይን ቢጫ የሚያደርግ ሳይታከም የቀረ ከባድ ሕመም፣ የማጅራት ገትር፣ ጭንቅላት ላይ የወጣ የወባ በሽታ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያድገውን አንጎል ይጎዳሉ። በብዙ ሰዎች ላይ ደግሞ ከሁሉም ዓይነት ምርመራ በኋላ ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀራል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በቀላሉ ልንከላከለው የምንችለውና ብዙ ሰው ልብ የማይለው የአዮዲን እጥረት ነው። ነፍሰ ጡር እናት በቂ አዮዲን ካላገኘች የእንቅርት ዕጢዋ የሚያመነጨው ሆርሞን ይቀንሳል፤ የጽንሱ አንጎል ደግሞ ያለዚያ ሆርሞን በደንብ አያድግም። በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል አፈሩ በዝናብና በጎርፍ እየታጠበ አዮዲኑን ስላጣ፣ በዚያ የሚበቅለው እህልም አዮዲን የለውም። መፍትሔው ጨው ነው። አገሪቱ ቀድሞ አዮዲን ያለውን ጨው በአብዛኛው የምታገኘው ከኤርትራ ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ያ ምንጭ ተቋረጠና ገበያው በአፋር ክልል በአፍዴራ በሚመረተው ጨው ተተካ፤ እርሱ ግን አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 ከመቶ ከፍ ብሏል። በእያንዳንዱ ጨው ውስጥ ያለው መጠን በቂ መሆን አለመሆኑ ሌላ ቁጥጥር የሚሻ ጉዳይ ቢሆንም፣ ማንም የአእምሮ ሐኪም በዘመኑ ሁሉ አክሞ ሊያመጣው የማይችለውን ለውጥ አንድ የጨው ደንብ ሊያመጣው ይችላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

## የሚድን በሽታ ካልሆነ ሐኪሙ ምን ይፈይዳል?

ውስንነቱን የሚያድን ክኒን የለም፤ እንዲህ ያለ ክኒን አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብ ፈላጊ ነው። የሐኪሙ ሥራ ግን እዚህ ላይ አያበቃም።

ለማስረዳት ያህል፣ መናገር የማይችል የ17 ዓመት ወጣት እንውሰድ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፤ ሌሊት አይተኛም፤ እናቱ ስታጎርሰው እጇን ይገፋል። ቤተሰቡ «ነገሩ ባሰበት» ብሎ ይዞት ይመጣል፤ የቸኮለ ሐኪምም በዚሁ ተስማምቶ የሚያፈዝ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን በመጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ተለወጠ የሚለውን ነው፤ ውስንነቱ የ17 ዓመት ሲሆን መጋጨቱ የሦስት ሳምንት ነውና አንዱ ሌላውን ሊያስረዳው አይችልም። ጆሮውን በመብራት ያያል፣ ሆዱን ይዳስሳል፣ ሆድ ድርቀት እንዳለበት ይጠይቃል፣ አፉንም ያስከፍተዋል። ከኋላ በኩል የተቦረቦረና ድዱ ያበጠ መንጋጋ ቢያገኝ፣ ግድግዳውም፣ እንቅልፍ ማጣቱም፣ ጉርሻውን መግፋቱም በአንድ ጊዜ ይፈታሉ። ወጣቱ የሚያስፈልገው የጥርስ ሐኪም ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት፣ ማለትም በሰውየው ላይ የሚታየውን ሁሉ በውስንነቱ አሳብቦ ማለፍ፣ በሕክምናው ዓለም በሚገባ የታወቀና ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተጻፈበት ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ሲፈዝና ሲወፍር «ድሮም እንዲሁ ነው» ይባላል፤ በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ የእንቅርት ዕጢ መድከም ብዙ ጊዜ እንደሚታይና በደም ምርመራ ተገኝቶ እንደሚታከም ግን ይዘነጋል። አንዳንድ ጊዜ ችግሩን የሚያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ነው። ለሚጥል በሽታ በሰፊው የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በአንዳንድ ልጆች ላይ ዕረፍት የማጣትና የመነጫነጭ ጠባይ ያመጣል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሁለተኛ መድኃኒት ይጨምራል፣ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን ይቀይራል።

ምርመራው ራሱም ብልኃት ይጠይቃል። የማሰብ ችሎታን በቁጥር የሚለኩት ፈተናዎች በአብዛኛው የተሠሩት ለሌላ አገር ልጆች ነው። ሥዕል አይቶ የማያውቅን የገጠር ልጅ በሥዕል መፈተን ልጁን ሳይሆን ፈተናውን ያሳፍራል። ስለዚህ ሐኪሙ ወደ ኑሮው ይሄዳል፦ ከብት ጠብቆ ቆጥሮ ይመልሳል? ውኃ ቀድቶ መንገዱን ሳይስት ይመጣል? ሱቅ ተልኮ መልስ ይቀበላል? ልብሱን በራሱ ይለብሳል? ታናሽ ወንድሙ ይህን የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር?

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ወላጆችን ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። በሥልጠናው ወላጅ የሚማረው ልጁን በጨዋታና በቤት ሥራ ውስጥ ማሳተፍ፣ አንድን ትልቅ ሥራ በትንንሽ ደረጃ ከፍሎ ማስተማር፣ መናገር ያቃተውን ልጅ በምልክት እንዲጠይቅ መርዳት ነው። ሥልጠናውን ለመስጠት ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም፣ መሆን አያስፈልግም፤ የሐኪሙ ድርሻ የሚሰጡትን ሰዎች ማብቃትና ከበድ ሲል ከኋላቸው መቆም ነው።

## «የማኅበረሰብ» የሚባለው ለምንድን ነው?

በአውሮፓ የማኅበረሰብ ሳይካትሪ የተወለደው ትልልቅ የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከመዝጋት ጋር ነው፤ ጣሊያን በ1978 ባወጣችው ሕግ አዲስ በሽተኛ ወደ እነዚያ ተቋማት እንዳይገባ አድርጋለች። የኢትዮጵያ ታሪክ ሌላ ነው። እዚህ የሚዘጋ ብዙ ሆስፒታል አልነበረም፤ ለአሥርተ ዓመታት አገሩ ሁሉ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። ከወለጋም ከጎጃምም በሽተኛውን አስሮ፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ተበድሮ፣ ዘመድ ቤት አርፎ የሚመጣ ቤተሰብ አንድ ጊዜ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ግን አቅም ያጣል።

ሐኪሞችም አልነበሩም። አንድ ሰው ሳይካትሪስት ለመሆን በመጀመሪያ እንደማንኛውም ሐኪም ሙሉ የሕክምና ትምህርት ይጨርሳል፤ በዚህ የምክር አገልግሎት ከሚሰጠው የሥነ ልቦና ባለሙያ ይለያል፣ መድኃኒት ማዘዝም የሚችለው ስለዚህ ነው። ከዚያ ለዓመታት በልዩ ሙያው ይሠለጥናል። እስከ 2003 ድረስ ይህ ሥልጠና የሚገኘው በውጭ አገር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ እያንዳንዱን በሽተኛ ሳይካትሪስት ይየው ማለት ዛሬም የማይታሰብ ነው። በአማኑኤል ከ1987 ጀምሮ የሠለጠኑት የሳይካትሪ ነርሶች ለብዙ ዓመታት የክፍለ ሀገሩን ሸክም የተሸከሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሆስፒታሉ ደጅ ውጪ ያለውን ችግር ስፋት ያሳየው የቡታጅራ ሥራ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በዚያ ገጠር ያደረጓቸው ጥናቶች በሽተኛው እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ቤት ለቤት ሄደው ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን መረመሩ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሰዎች ከሺህ አምስት ገደማ ሆነው ሲገኙ፣ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት በተከታተለው ጥናት ደግሞ፣ የሞቱት ሰዎች ሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ ቀድመው እንደሞቱና ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉ የተከሰቱት በተላላፊ በሽታ እንደሆነ ታየ። ሰዎቹን የገደላቸው በቀጥታ የአእምሮ ሕመማቸው አልነበረም፤ ሳል ይዞት የሚመጣን «ዕብድ» ሳምባውን የሚያዳምጥለት ሰው መጥፋቱ ነው።

## ታዲያ ማን ያክማል?

ጤና ጣቢያው ያክማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያስጀመረው፣ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ የሆነችበት አሠራር፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች በአጭር ሥልጠና የተለመዱትን የአእምሮ ሕመሞች፣ የሚጥል በሽታንና የልጆች ዕድገት ችግርን እንዲያውቁና እንዲያክሙ ያደርጋል። ይህ «ሐኪም ከሌለ ነርስም ይበቃል» የሚል የድሃ አገር ማካካሻ ነው ብሎ የሚጠረጥር አይጠፋም፤ ጥርጣሬው ተገቢ ስለሆነም ተፈትኗል። በ2022 ውጤቱ በታተመው የቡታጅራ አካባቢ ጥናት 329 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ፣ ግማሾቹ በሆስፒታል በሳይካትሪ ነርስ ተከታተሉ። ከዓመት በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ከሌሎቹ የባሰ ውጤት አልነበራቸውም።

የሐኪሙ ሥራ በዚህ ጊዜ መልኩን ይለውጣል። በወር አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ የሚያገኘው ረጅም ሰልፍ ሳይሆን መዝገብ ነው። ነርሷ ያስቸገሯትን አምስት ስድስት ሰዎች መርጣ ታቆየዋለች። በወር አንዴ የሚወጋውን የስኪዞፍሬኒያ መርፌ የጀመረው ሰው አንገቱ ገትሯል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መጠኑ ይቀነስ ወይስ ማለዘቢያ ይጨመር? አንዲት ሴት ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ አትተኛም፣ ልጁ የእኔ አይደለም ትላለች፤ ይህች ዛሬውኑ ሪፈር ትጻፍላት። አንዱ ካርዱ ላይ ሦስት ወር ምንም አልተጻፈበትም፤ የት ሄደ? ይህን የመጨረሻውን የምትመልሰው ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፣ ቤቱን የምታውቀው እርሷ ናትና።

መድኃኒት ብቻውን የማይበቃቸውም አሉ። በቡታጅራ አቅራቢያ ባለው በሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው 166 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ከአካባቢው የተመለመሉ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ቤታቸው እየሄዱ ከቤተሰብ ጋር አብሮ መብላትን፣ ወደ እርሻና ወደ ገበያ መመለስን፣ ወደ እድርና ወደ ማኅበር መግባትን ደረጃ በደረጃ አስጀመሯቸው። ይህ የተጨመረላቸው ሰዎች ክትትሉን በጤና ጣቢያ ብቻ ካገኙት የተሻለ መኖርና መሥራት ችለዋል።

## ፀበልና መድኃኒት አብረው ይሄዳሉ?

አብዛኛው ቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ፀበል ሄዷል፤ ከዚያ በኋላም ይሄዳል። ይህን የሚከለክል ሐኪም የሚያተርፈው ታካሚውን ማጣት ነው። የሚያዋጣው መነጋገር ነው፦ ክኒኑን ከፀበሉ ጋር ይወስድ ዘንድ ከአጥማቂው ወይም ከንስሓ አባቱ ጋር መስማማት፣ በጾም ወቅት መድኃኒቱን ወደ ማታ ማዞር፣ ሕመምተኛው እንዳይታሰርና እንዳይመታ፣ ምግብና ውኃም እንዳይከለከል ማስጠንቀቅ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ያለማቋረጥ የሚደጋገም፣ ለሞት የሚያደርስ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል በዚህ ላይ ብቻ ሐኪሙ ፈጽሞ አይደራደርም።

## ሰዎች መድኃኒቱን ለምን ያቋርጣሉ?

ከተሻላቸው በኋላ ድኛለሁ ብለው የሚተዉ አሉ፤ በጎንዮሽ ጉዳቱ የሚማረሩ አሉ፤ ከፋርማሲ የሚያጡትም ብዙ ናቸው። በቡታጅራ በተደረገ ጥናት ግን ከተማ ላለ ሰው የማይታሰበው አንድ ምክንያት በተደጋጋሚ ተነሥቷል፤ እርሱም ረኀብ ነው። ከስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የምግብ ፍላጎትን በጣም ይጨምራሉ። እንጀራው ለስድስት ሰው በልክ በሚቀርብበት ቤት፣ መድኃኒቱን መዋጥ ማለት የማይጠግብ ረኀብ መግዛት ማለት ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ሲዋጥ ደግሞ ያንሰፈስፋል፣ ያዞራል። ለዚህ የሐኪሙ ማዘዣ ወረቀት መልስ የለውም። መልስ ያላቸው የማኅበረሰብ ጤና መድኅን፣ የሴፍቲኔት ዝርዝርና የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው። ስለዚህ በወረዳ የሚሠራ ሳይካትሪስት ከጊዜው ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚያሳልፈው በጽሕፈት ቤቶች ስብሰባ ላይ ነው፤ ሕክምና ስማር ይህን አላሰብኩም የሚሉት ብዙዎቹ ናቸው።

## ቤተሰብ ከየት ይጀምር?

በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ፤ የካርድ ክፍሉ ለአእምሮ ሕመም የተለየ መስኮት የለውም፣ እንደማንኛውም ሕመም ተመዝግቦ መግባት ነው። የዕድገት ጥያቄ ላለው ልጅ ሪፈር ከተጻፈ እንደ የካቲት 12 ያሉ የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ጤና ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች አሉ። ሲሄዱ እስካሁን የተወሰዱትን መድኃኒቶች በሙሉ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን ይዞ መሄድ፣ ልጁ የተቀመጠበትን፣ የተራመደበትንና የመጀመሪያ ቃል ያወጣበትን ዕድሜ፣ ወሊዱ እንዴት እንደነበርም አስታውሶ መጻፍ ይረዳል። የሚጥለው ከሆነ ሲጥለው ያየ ሰው አብሮ ይሂድ፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ደግሞ ከብዙ ቃል ይበልጣል። ልጁ ድንገት ጠባዩን የለወጠ ከሆነ የተለወጠበትን ሳምንት፣ በዚያ ሳምንት በቤቱ የሞተ፣ የሄደ ወይም የመጣ ሰው መኖሩን፣ የተለወጠ መድኃኒት መኖሩንም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።